የሚስል ሠራተኛ ይቅረብ

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከአንድ ፊደል ነው። እኔ በአንድ ፍራሽ ፋብሪካ የዋናው ሥራ አስኪያጅ ጸሐፊ ነኝ፤ ባሌ ደግሞ እዚያው፣ ታች፣ መቁረጫ ክፍል ውስጥ ስፖንጅ ይቆርጣል። ስፖንጁ ሲቆረጥ የሚቦነው ብናኝ ሳንባ ገብቶ ስለሚቀመጥ እዚያ ክፍል የሚሠራ ሁሉ ይስላል። አቧራ የሚስብ ማሽን ይገዛልን የሚለውን ማመልከቻ በእነዚህ ጣቶቼ ስንቴ ተይቤዋለሁ። ዋናው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አንቱታዬን ለሚገባው ሰው አስቀምጫለሁ።

በዚያ ሰሞን ስትራቴጂ የሚሉት ነገር ዋናውን ይዞት ነበር። አማካሪ ቀጥሮ እንደ ጡብ የወፈረ ሰነድ አስጻፈ። ማንም አላነበበውም፣ እሱም ጭምር። አማካሪው ግን መላ አላጣም።

«ሰው የሚነበብ ነገር ይፈራል» አለ። «ስትራቴጂው በሥዕል ይሁን። አንድ ትልቅ ሥዕል። የሚስለውም ከሠራተኛው መሃል የወጣ ሰው ይሁን፤ ያኔ ሁሉም የራሴ ነው ይላል።»

ዋናው ደስ አለው። ከሠራተኛው መሃል የሚወጣ ሰው የተለየ ክፍያ አይጠይቅማ። ወዲያው ማስታወቂያ አስጻፈኝ፦ «የሚስል ሠራተኛ ሰኞ ጠዋት ዋናው ቢሮ ይቅረብ።»

«ጌታዬ፣ ሥዕል የምትል ቃል ብንጨምርባትስ?» አልኩት።

«አጭር መልእክት ኃይል አለው» አለ አማካሪው ከአፌ ነጥቆ።

«እንግዲያው በንጉሡ ሠ ልጻፈው?»

«በፈለግሽው ጻፊው። ዛሬ ፊደል የሚለይ ማን አለ?» አለ ዋናው።

ቆሽቴ አረረ። ሥዕል በንጉሡ ሠ፣ ሳል በእሳቱ ሰ መሆኑን እያወቅሁ በእሳቱ ሰ ጻፍኩትና ለጠፍኩት።

ሰኞ ጠዋት መቁረጫ ክፍል ግልብጥ ብሎ መጣ። ኮሪደሩ በሳል ተናጋ። «በስንት መከራ ሐኪም አመጡልን» ይባባላሉ። አንዲት እናት የደረታቸውን ራጅ በፌስታል ይዘው ከሁሉም ፊት ቆመዋል። ዋናው በሩን ከፍቶ ሰልፉን ሲያይ ዓይኑን ማመን አቃተው።

«ይሄ ሁሉ ተሰጥኦ እጃችን ላይ ኖሯል?» አለና ከሰልፉ መሃል ረጅሙን መርጦ አስገባ። ረጅሙ ባሌ ነው። ባሌ መሆኑን አያውቅም፤ ታች ያሉትን በመልክም አያውቃቸው። በሩ ገርበብ እንዳለ ስለቀረ ሁሉም ጠረጴዛዬ ድረስ ይሰማኛል።

«ትስላለህ?» አለ አማካሪው።

«እስላለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መቁረጫ ክፍል ከገባሁ ወዲህ ነው።»

«ማን አስጀመረህ?»

«ስፖንጁ ነዋ።»

አማካሪው ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ። «አብዛኛውን ጊዜ መቼ ነው የምትስለው?»

«ጠዋት ጠዋት ይብስብኛል። ሲበርድም እንደዚያው።»

«ሰው ፊትስ ትስላለህ?»

«ምን ላድርግ ብለው ነው? አፌን ይዤ እስላለሁ።»

«ትሑት ነው» አለ ዋናው።

«እስቲ ናሙና አሳየን» አለ አማካሪው።

ባሌ የአክታ መሰለው። ግራና ቀኙን አየ። «እዚሁ? ዕቃ ከሰጣችሁኝ ልሞክር።»

ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡት። ወረቀቱን አየ፣ በበሩ ክፍተት እኔን አየ። እንዲገባው ጣቴን እንደ እስክሪብቶ አየር ላይ አንቀሳቀስኩለት። ይህ ሰው በሕይወቱ የሳለው ነገር ቢኖር ስፖንጅ ላይ በጠመኔ የሚያሰምረው መስመር ነው። ጎንበስ ብሎ አንድ አራት ማዕዘን አሰመረ።

«ቀላልነቱን አያችሁ?» አለ አማካሪው።

የቀሩት «ለፍላጎታችሁ እናመሰግናለን» ተባሉና እየሳሉ ወረዱ።

ባሌ ላይኛው ፎቅ ላይ መስኮት ያለው ክፍል ተሰጠው። ቀለምና ሸራ ተገዛለት። ከዚያ ያላሰብኩት ነገር ሆነ፤ ባሌ መሳል ሲጀምር መሳል አቆመ። ልጃችን ከትምህርት ቤት ገብታ «አባዬ ዛሬ አልመጣም እንዴ?» አለችኝ። አባቷ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይፈታል። ለካስ ቤት መኖሩን የምታውቀው በሳሉ ነበር። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እንባዬን ስጠርግ ግን አንድ ነገር ቆርጬ ነበር፤ ይህ ሥዕል ማለቅ የለበትም።

ድርጅቱ በጀልባ እንዲመሰል ዋናው ፈለገ። ባሌ ከአራት ማዕዘን ሌላ ስለማያውቅ ጀልባዋ ውሃ ላይ የተዘረጋ ፍራሽ ሆና ቁጭ አለች። አማካሪው «ምርታችንን ከራእያችን ጋር አዋሃዳቸው» ብሎ አደነቀ። ፍራሹ ላይ ኃላፊዎቹ ተደረደሩ። ለእኔም ሥራ የተከፈተልኝ ያኔ ነው።

ላስፈርም ገብቼ ለፋይናንስ ኃላፊው «የሽያጩ ኃላፊ ከፊት ተቀምጠዋል አሉ። እርስዎን ወደ ኋላ ያደረጉዎት ቦታ ጠቧቸው ይሆናል» አልኩት። ዘራፍ አለ። ቦታ ሲቀያየር ሳምንት አለፈ። ለሽያጩ ኃላፊ ደግሞ አንገቱ አጥሮ መሳሉን ሹክ አልኩት። የእሱ አንገት ሲረዝም የሌሎቹ አነሰ ተባለ። በመጨረሻ የሁሉም ረዝሞ ኃላፊዎቹ በሙሉ ሰጎን መሰሉ። «አርቆ ማየትን ያሳያል» አለ አማካሪው። እኔም በሆዴ እስቃለሁ፤ ባሌ እላይ ንጹሕ አየር ይስባል።

ምን ያደርጋል፣ የቦርድ አባላት ሊጎበኙን ነው ተባለና ሥዕሉ ይብቃ የሚል ትእዛዝ መጣ። የሚበቃው ግድግዳ ያለው መቁረጫ ክፍል ብቻ ስለሆነ እዚያ ተሰቀለ። ባሌም አብሮት ወረደ።

ቆራጮቹ ተሰብስበው አዩት። ራእዩን አይደለም፣ ራሳቸውን ነው የፈለጉት።

«እኛ የት ነን?» አሉ ባለ ራጇ እናት።

«ሠራተኛው ማዕበሉ ነው» አለ አማካሪው። «ጀልባዋን የሚገፋት ኃይል ማለት ነው።»

«ከሥር ነን በለኛ» አሉና ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ።

የባሌ ሳል ብዙም አልቆየም፣ ተመለሰ። ልጄም አባቷ የት እንዳለ መጠየቅ ተወች። ከዚያ በላይ የከፋኝ ነገር የለም።

ዋናው ከጉብኝቱ በፊት ሥዕሉን ሊያይ ሲወርድ ተከተልኩት። ኃላፊዎቹ ሥዕሉ ላይ የሉም። ብናኙ ከላይ ጀምሮ ከነአንገታቸው ሸፍኗቸው ማዕበሉ ብቻ ቀርቷል። አስጠረገው። ማውራቱን ሳይጨርስ የተሳለው ፊቱ እንደገና ጠፋ።

«ይሄ አቧራ ከየት ነው የሚመጣው?» አለ በቁጣ።

ቆራጮቹ በሙሉ ቀና ብለው አዩት። ባሌ ብቻ ሳለ።

«ጌታዬ» አልኩት ቀስ ብዬ፣ «ቦርዱ ስትራቴጂያችሁ አቧራ ጠጥቷል እንዳይል ነው የፈራሁት።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ያችኑ የድሮዋን ማመልከቻ አወጣሁና «ለሠራተኛው ጤንነት» የሚለውን ሰርዤ «ለስትራቴጂው ደኅንነት» አልኩበት። በቁሙ ፈረመ።

አቧራ መሳቢያው መጣ። አንድ ብቻ ነው፤ አፉም ከሥዕሉ ራስ ላይ ተገጠመ። ቆራጮቹ ማንም ሳያዛቸው ጠረጴዛቸውን ትንሽ ትንሽ እየገፉ ከሥሩ ተሰበሰቡ። ቦርዱ ሲገባ ሰፊው ክፍል ባዶ ነው፤ ሰው ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ሥዕሉ ሥር ይቆርጣል።

«ተመልከቱልኝ» አለ ዋናው ድምፁ እየተቆራረጠ። «ከራእዩ መለየት አቃታቸው።» ወደ ባሌ ዞረ። «እስቲ አንተ ንገራቸው፤ እዚህ ሥዕል ሥር ስትቆም ምን ይሰማሃል?»

«እተነፍሳለሁ» አለ ባሌ።

የቦርዱ ሰብሳቢ አጨበጨበ። አማካሪው ቃሏን ለመፈክር እንድተይባት አዘዘኝ። ተየብኳት፤ ምንም አልጨመርኩባትም።

የባለ ራጇ እናት ጠረጴዛ ግን ከወለሉ ጋር የተበየደ ስለሆነ ንቅንቅ አላለም። ብቻቸውን ከኋለኛው ግድግዳ ሥር ቀርተዋል። ከጭብጨባው በላይ ሳላቸው ይሰማኝ ነበር። እንግዶቹ እንደወጡ በቀጥታ የፋይናንስ ኃላፊው ቢሮ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

«የኋለኛው ግድግዳ ባዶ ነው» አልኩት። «እርስዎ ብቻዎን ቢሳሉበት ማን ይከለክልዎታል?»