ነዳጁ እስኪያልቅ

ሰፍዋን ሚስቱን ሐሚዳን የዋሻት ምሳ እየበሉ ነው። «አውሮፕላኑን እንደምናበር ለሚሊሻዎቹ ነግረሃል?» ስትለው «አዎ» አላት፤ ግን አልነገረም። የነገረው እንግዳው ለሚባለው የማሳው ባለቤት ብቻ ነበር። እንግዳውም «ማሽላው ተነስቷል፣ እንደፈለጋችሁ ሁኑበት» ብሎ ወደ ሽንፋ ሄደ። ሰፍዋን ወደ ሚሊሻዎቹ ኬላ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ሁለቴም ከመንገድ ተመልሷል። ከጠየቅኋቸው ይከለክሉኛል ብሎ ፈራ።

ሰፍዋን መተማ ዮሐንስ ውስጥ የውሃ ፓምፕና ጄኔሬተር ይጠግናል። በግቢው ባለችው ኪራይ ክፍል የሚኖሩት ሽማግሌ ኡመይር ይባላሉ፤ ሰፈሩ እንደ አጎት «ዐም ኡመይር» ይላቸዋል። ካርቱም ውስጥ የአውሮፕላን ቴክኒሽያን ነበሩ። ጦርነቱ ሲነሳ በገላባት በኩል ሲሻገሩ የያዙት አንድ የልብስ ሻንጣና አንድ የእንጨት ሣጥን ነው። ሣጥኑ ውስጥ ክንፉ የተነቀለ ትንሽ አውሮፕላንና ጭብጥ የምታህል ሞተር ነበረች።

አውሮፕላኑን የሠራችው ልጃቸው ሳሚያ ናት። በሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦ ታስሮ የሚበር ነው፤ አብራሪው መሃል ይቆምና የሽቦዎቹን እጀታ ይዞ አብሮት ይዞራል። እጀታውን ወደ ላይ ሲያዘነብለው አውሮፕላኑ ይወጣል፣ ወደ ታች ሲያዘነብለው ይወርዳል። የለመደ ሰው በጀርባው ገልብጦ ያበረዋል።

ሳሚያ አሁን ፖርት ሱዳን ናት። ባሏ ከጠፋ ወዲህ ለአባቷ የምትልከው የድምፅ መልእክት «ደህና ነኝ» ብቻ ሆኗል። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ግን «ሞተሩ በደህና ደረሰ?» የሚል ጨመረችበት። ዐም ኡመይር ይህንኑ ሰምተው ሣጥኑን ተሸክመው ሰፍዋን ወርክሾፕ መጡ።

«እኔ ጆሮዬን ታምሜ መዞር አልችልም፤ ይጥለኛል» አሉት። «አንተ ታበረዋለህ። ሐሚዳ በስልክ ትቀርጸዋለች። ለልጄ እልክላታለሁ።»

ሥራው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ወሰደ። ለነዳጅ የሚሆናትን ሜታኖል ከጎንደር በአይሱዙ አስመጡ፣ የጉሎ ዘይት ከፋርማሲ ገዝተው ቀላቀሉበት። ሰፍዋን ሞተር አውቃለሁ ባይ ነበር፤ ይህች ግን ሌላ ሆነችበት። ነዳጇን የሚመጥነውን መርፌ እንደ ፓምፕ ሞተር ጥሩ ጉልበት እስክታገኝ ሲያጠብቀው ዐም ኡመይር እጁን ያዙት።

«እንዲህ ከሆነች አየር ላይ ከመጠን በላይ ትግልና ቀጥ ትላለች። ትንሽ ነዳጅ ይብዛባት፤ ድምፅዋ ይጎርንን። አሁን አፍንጫዋን ወደ ላይ አንሳው።»

አነሳው። ጎርናናው ድምፅ ቀጠነና ሞተሯ ጉልበት አወጣች። ዝቅ ሲያደርገው ተመልሶ ጎረነነ።

«ይኸውልህ» አሉ። «ሽቅብ ስትወጣ ራሷ ትበረታለች፣ ስትወርድ ራሷ ትለዝባለች። አብራሪው እጅ ላይ ያለው ሽቦዋ ብቻ ነው፤ ነዳጇን አየር ላይ ማንም አይነካውም። መሬት ላይ ያላስተካከልከውን እዚያ አታስተካክለውም።»

መጀመሪያ ያበሩት ኮኪት አካባቢ ነበር። የቀን ሠራተኞቹ ሰሊጥ ያጭዱ፣ ትራክተሮች ይመላለሱ ስለነበር የእነሱን ጩኸት የሰማ የለም። ሰፍዋን አንዴ ከመሬት አጋጭቶ ክንፉን ሰበረው፣ ለሁለት ሳምንት ጠገኑት። መገልበጥ ሲለምድ ደግሞ ሞተሯ በጀርባዋ ስትሆን ብቻ ድምፅዋ ቀጥኖ ትጮህ ጀመር። ዐም ኡመይር «የነዳጅ ታንኩ ከፍ ብሏል» አሉና በክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ዝቅ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ቀናም ተገለበጠም ድምፅዋ አንድ ሆነ።

ለቀረጻው የመረጡት ግን ለከተማው የሚቀርበውን የእንግዳውን ማሳ ነው። መኸሩ አልቆ አገሩ ጸጥ ብሏል። ሰፍዋን ረቡዕ ጠዋት ሽቦዎቹን ሲዘረጋ ይህ ጸጥታ አስፈራው። በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ድሮን ፈርቶ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ከላይ የሞተር ድምፅ ከተሰማ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት ይጎትታሉ። ይህን እያወቀ ነው ዝም ያለው።

ዐም ኡመይር ታንኩን ሞሉት።

«ግማሽ አይበቃም?» አላቸው።

«ስድስት ደቂቃ ትብረር። ልጄ ሙሉውን ትየው» አሉ።

ሞተሯ ተነሳች። ዐም ኡመይር አውሮፕላኑን ከጅራቱ ይዘው ጆሯቸውን አስጠጉ፣ መርፌውን በትንሹ አላሉት፣ ለቀቁት። አውሮፕላኑ ተንደርድሮ ተነሳ። ሰፍዋን መሃል ላይ አብሮት ዞረ፤ ሽቦዎቹ እጁን ጠበቅ አድርገው ሳቡት። አንዴ ክብ ሠራ፣ ቀጥሎ ገለበጠው። ድምፅዋ አልተለወጠም። ከክቡ ውጭ ዐም ኡመይር ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል፣ ሐሚዳ ስልኩን ይዛለች።

እንደገና ሲዞር ከማሳው ጫፍ ሦስት ሰዎች ሲሮጡ አየ። በሚቀጥለው ዙር ቀርበዋል፤ መሣሪያ ይዘዋል። በሚቀጥለው ዙር አንደኛው ወደ አውሮፕላኑ አነጣጥሯል፤ ዐም ኡመይር እጃቸውን ሰቅለው ፊቱ ቆመዋል። ሰፍዋን ፊቱን ወደ እነሱ አድርጎ መቆየት አልቻለም። በየዙሩ ከሚያያት ቅጽበት በቀር የሚሆነውን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። የሚሰማው ሞተሯን ብቻ ነው።

እጀታውን ቢለቅ አውሮፕላኑ ማን ላይ እንደሚወድቅ አይታወቅም። መሬት ላይ ቢከሰክሰው ደግሞ የሳሚያ እጅ ሥራ ነው። ይህን ሲያስብ አንዱ ከሦስቱ ተነጥሎ ቀጥታ ወደ እሱ ሲመጣ አየ። ምናለ የሚባለው የሚሊሻዎቹ አለቃ ነበር። ሽቦዎቹ ቀጫጭን ስለሆኑ አልታዩትም፤ ወደ ክቡ እየገባ ነው። አውሮፕላኑ በሰው አንገት ቁመት እየበረረ ዞሮ ሊመጣ የቀረው ግማሽ ዙር ነበር።

ሰፍዋን «ቁም» አለ። ማንም አልሰማውም።

እጀታውን ወደ ላይ አዘነበለው። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ወጣ፣ ምናለን በአናቱ ላይ አለፈው። ሰፍዋን አላወረደውም፤ እዚያው ከራሱ በላይ ጠባብ ክብ እያስዞረ አቆየው። እዚያ ላይ ሞተሯ ትንሽ ከደከመች ሽቦው ይላላል፣ ሽቦው ከላላ ደግሞ የሚታዘዝ ነገር የለም፤ አናታቸው ላይ ይወድቃል። ድምፅዋ ቀጠነ፣ በረታችም። ሽቦው አልላላም።

ምናለ አጠገቡ ደረሰ። «አውርደው!»

«አይወርድም፣ ጋሼ። ነዳጁ እስኪያልቅ አይቆምም።»

«አጥፋዋ!»

«ማጥፊያ የላትም። እባክዎ እግሬ ሥር ቁጭ ይበሉ። ቁጭ ካላሉ ይመታዎታል።»

ምናለ ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ጠብመንጃውን አቅፎ ተቀመጠ።

«ስንት ደቂቃ ቀረው?»

«ሦስት።»

«ምን ይዟል?»

«ምንም። ነዳጅ ብቻ።»

ምናለ በዓይኑ ሊከተለው ሞከረና አዞረው፤ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ሰፍዋን መዞሩን አላቋረጠም። ሁለቱ ሚሊሻዎች አሁንም መሣሪያቸውን አላወረዱም፤ አለቃቸው መሃል ስላለ ግን መተኮስ አይችሉም። ሐሚዳ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ስልኩ እጇ ላይ የለም።

ሞተሯ ሁለቴ ተንተፋተፈችና ጠፋች። ጸጥታው ከጩኸቱ በላይ አስደነገጠው። አውሮፕላኑ ወረደ፤ ሰፍዋን ሽቦው እንዳይላላ ወደ ኋላ እየሸሸ አንድ ዙር ተኩል አንሸራተተውና በጎማዎቹ አሳረፈው።

ከዚያ ሰፍዋን ተቀመጠ። ምናለም ለመነሳት ጊዜ ወሰደበት።

«ለምን አልነገርከንም?» አለው።

«እንዳትከለክሉኝ ብዬ።»

«እንከለክልህ ነበር» አለ ምናለ። «ልጆቹ ሊተኩሱ ነበር፣ ታውቃለህ? ሽማግሌው ፊታቸው ባይቆሙ አንተኑ ይመቱህ ነበር።»

ቀረጻውን ራሱ አጠፋው፤ ድንበር አካባቢ መቅረጽ ክልክል ነው አለ። አውሮፕላኑን ከነሣጥኑ ወሰዱት። ሰፍዋንን እስከ ምሳ ኬላው ላይ አስቀምጠው ቃሉን ተቀበሉና ለቀቁት። ሐሚዳ ኬላው ደጃፍ ጠብቃው አብረው ወደ ቤት ሄዱ። ግቢው በር ላይ ቆም ብላ «ለእኔ እንኳ ብትነግረኝ እኔው ሄጄ እጠይቅልህ ነበር» አለችው።

ዐም ኡመይርን ይቅርታ ለመጠየቅ ክፍላቸው ሲገባ ስልኩን አፋቸው ላይ ይዘው በዐረብኛ ያወሩ ነበር። ቪዲዮ ስለሌለ ለልጃቸው በቃል ይነግሯታል። እንዴት እንደተነሳ፣ ሲገለበጥ ድምፁ እንዳልተለወጠ፣ ሰፍዋን በሰው አናት ላይ እንዴት እንዳቆየው፣ ሞተሯ እንዴት እንዳልከዳችው። አሥራ አንድ ደቂቃ አወሩ። ስለ መሣሪያዎቹ ግን አልነገሯትም።

«ወለዲ፣ ልጄ፣ አንተ ምንም አላጠፋህም አልልህም» አሉት ሲጨርሱ። «ግን ሞተሯን ሰምተሃታል?»

«ሰምቻታለሁ።»

መልሱ የመጣው በማግስቱ ነው። ሳሚያ የላከችው አራት ደቂቃ የሚረዝም ድምፅ ነበር። ዐም ኡመይር ወርክሾፑ ድረስ ይዘውት መጡ፤ ቁልፉን የተጫነላቸው ሰፍዋን ነው። ሳሚያ ትጠይቃለች። መርፌውን ስንት ዙር ከፈታችሁት? ጉሎው ስንት እጅ ነው? እዚያ ከፍታ ላይ ያን ያህል ያቆየው ልጅ ማነው? ሁለተኛው ደቂቃ ላይ መሳቅ ጀመረች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ አልቅሳም መጠየቋን ቀጠለች።

ዐም ኡመይር ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው አዳመጡ። ሲያልቅ «ኸላስ፣ በቃ፣ ልጄ ተመልሳለች» አሉ።

ሰፍዋን ያን ጠዋት ወርክሾፑን ዘግቶ ወደ ኬላው ሄደ። በዚህ ጊዜ ከመንገድ አልተመለሰም። ምናለ ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘው።

«ስለ አውሮፕላኑ ልጠይቅ ነው የመጣሁ» አለው።

ምናለ ሌላ ወንበር ሳበለት።