ሽማግሌ ፊት የተጨበጨበ እጅ

ሽማግሌ የሚቀበል አባት ምን ማለት እንዳለበት ያውቃል። ተክለሃይማኖትም አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ቆሞ ሲለማመደው ነው የከረመው። ክብር ነው ይላል፣ ከዘመድ ተማክሮ እንደሚመልስ ይናገራል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ አለቀ። ምን ዋጋ አለው፣ አፉን ሲያሠለጥን እጁን ረሳው። ጉድ ያፈላውም ይኸው እጁ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ላስ ቬጋስ፣ ሴንቴኒያል ሂልስ ሰፈር ወዳለው ቤቱ መጡ። መሪያቸው አቶ ራጉኤል፣ ሊያገባ የፈለገው ልጅ የኤዛና አጎት፣ ለዚሁ ጉዳይ ብለው ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ነጭ ጋቢያቸውን በዚያ ሙቀት እንኳ ያላወለቁ ሰው ናቸው። እንደ ወጉ ቆመው "ልጅዎን ናርዲን ለልጃችን ይስጡን" አሉ። ተክለሃይማኖት አስቀመጣቸው። ውሃ ጠምቶት ነበርና "እስኪ ውሃ ላምጣ" ብሎ ከጠረጴዛው ተነሳ። ሲነሳም ሁለት እጁን አንዴ ጧ አድርጎ አጨበጨበ፤ መዳፉን ወደ ላይ ገለበጠ፣ ወደ ታች መለሰ፣ ባዶ መሆኑን ለሁሉም አሳየና ወደ ጓዳ ዞረ።

አቶ ራጉኤል ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"አያችሁ?" አሉ አቶ ራጉኤል ለጓደኞቻቸው። "እጃችሁን አጨብጭባችሁ ሂዱ መባላችን ነው። እምቢ ያለ ሰው እንኳ በአፉ ይናገራል እንጂ እንዲህ አያደርግም። ተነሱ!"

ላስ ቬጋስ የኖረ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ገና ሲጀመር ይገባቸው ነበር። ተክለሃይማኖት ሠላሳ ዓመት ገደማ ካዚኖ ውስጥ ካርታ ሲያድል የኖረ ዲለር ነው። ዲለር ከጠረጴዛው ሲነሳ እጁን አጨብጭቦ መዳፉን ለጣሪያው ካሜራ ያሳያል፤ በገንዘብ ፋንታ የሚቆመሩባትን አንዲት ቺፕስ እንኳ አልያዝኩም ማለቱ ነው። ጡረታ ከወጣም በኋላ ልማዱ አልለቀቀውም። ከእራት ሲነሳ ያጨበጭባል፣ ሐኪሙ ፊት ተቀምጦ ሲነሳ ያጨበጭባል፣ አንድ ጊዜማ ንስሐ አባቱ ቤት አጨብጭቦ ቄሱን አስደንግጧል።

ናርዲ ከጓዳ ስትሮጥ ወጣች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፣ አማርኛዋ ስትረጋጋ ደህና ነው፣ ስትደነግጥ ግን ይበታተናል።

"ኖ ኖ፣ ጋሼ፣ ፕሊስ! እሱ ክሊር አደረገ፣ ያ ብቻ ነው! እጁን ክሊር አደረገ!"

"ምን አደረገ?"

"ክሊር... ላይክ... አጸዳ? ጠራ?"

"ከእኛ ነው የጸዳው?" አሉ አቶ ራጉኤል፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ።

ተክለሃይማኖት ብርጭቆውን እንደያዘ በሩ ላይ ደረሰባቸው። የናርዲ ፊት አመድ መስሏል። እነዚህ ሰዎች ከዚህ በር ከወጡ ነገሩ እንደማይመለስ ገባው። "ይቀመጡልኝ" አለ። "የዚህን ቃል ነገር ልንገርዎ። ከዚያ መሄድ ካማረዎ ማንም አይዝዎትም።"

አቶ ራጉኤል ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ቃሉን የተማርኩት ሱዳን፣ የስደተኞች መጠለያ ሳለን ነው። አስተማሪው ሰማይ እያሳየ ክሊር፣ ክሊር ይለን ነበር። ጠራ ማለት ነው ብዬ ያዝኩ። እዚህ መጥቼ የዲለር ትምህርት ቤት ስገባ፣ አሠልጣኙ ከጠረጴዛው ልነሳ ስል እጅህን ክሊር አድርግ አለኝ። እጄ ቆሽሾ ይሆናል ብዬ እፍረት ያዘኝ። መታጠቢያ ቤት ሄጄ በሳሙና ፈትጌ መጣሁ።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፈገግታውን በእጁ ሸፈነ።

"ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ ለካ አጨብጭበህ ባዶ መዳፍህን ለካሜራው አሳይ ማለቱ ነው፣ ዛሬም እጄ የለመደውን ነው ያደረገው። አንዲት ሐበሻ ብቻ አልሳቀችም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ አይዞህ፣ እኔም ልታጠብ ስነሳ ነው አንተ የቀደምከኝ አለችኝ። ገንዘቤ ትባል ነበር። የዚች ልጅ እናት።"

ድምፁ ትንሽ ለዘበ። ከዚያ በኋላ ቃሉ የሁለቱ ጨዋታ ሆኖ ቀረ። አሮጌ መኪናቸውን እሱ ሲነዳ እሷ አንገቷን አውጥታ አይታ "ክሊር ነው፣ ግባ!" ትለዋለች፤ ብዙ ጊዜ ክሊር አይደለም፣ ጡሩምባ ይለቀቅባቸዋል። እሷ የጠዋት ሺፍት፣ እሱ የማታ፣ መተላለፊያቸው የካዚኖው ፓርኪንግ ነበር። ዝናብ ጥሎ ሲያባራ፣ ያውም በዓመት አንዴ፣ "ክሊር ሆነ!" ብላ ቀስቅሳ ታስነሳዋለች፤ ተራሮቹ ጥርት ብለው ሲታዩ እንዳያመልጠው። ናርዲ ገና በእግሯ መሄድ ስትጀምር ጠረጴዛ ክሊር አድርጊ ሲሏት ሳህኑን ታነሳና እንደ እናቷ አጨብጭባ ትንንሽ መዳፎቿን ታሳያቸው ነበር። ምን ዓይነት ዘመን ነበር! ድካሙ ሁሉ ተረስቶት ያ ሳቅ ብቻ ነው የሚናፍቀው።

"ስትታመም ደግሞ" አለ፣ "ሐኪሙ ከሕክምናው በኋላ ክሊር ናት፣ በሽታው የለም አለን። እንደዚያ ቃል የጣፈጠኝ የለም። ከዓመት በኋላ ያው ሐኪም፣ ያው ወንበር ላይ፣ ክሊር አይደለችም አለኝ። ከቀበርኳት ወዲህ ይህ ቃል በዚህ ቤት ሲነገር ዛሬ መስማቴ ነው።"

"ነፍሷን ይማር" አሉ ሽማግሌዎቹ። አቶ ራጉኤል ግን እንደዋዛ የሚታለፉ ሰው አልነበሩም። ትክ ብለው አዩት።

"የእጅዎ ነገር ገባኝ። የሥራ ልማድ ነው፣ ይቅር። ልብዎስ? ውሃ ሊያመጡ ሲነሱ ፊትዎን አይቼዋለሁ።"

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር። መስታወት ፊት የተጠናው ንግግርም አፉ ላይ ነበር። ተክለሃይማኖት ናርዲን አየና ተወው።

"ልቤ እምቢ ነው የሚለው" አለ። "ኤዛናን ጠልቼ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ልጅ ከየት ይገኛል? ሁለቱ ሰዘርን ሃይላንድስ ቤት ገዝተዋል፤ እሱ የከተማው ሌላ ጫፍ ነው። እኔ እዚህ ብቻዬን መቅረት ፈራሁ። ውሃ የጠማኝም ለዚህ ነው።"

"አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?" አለች ናርዲ። "እኔ... ሠርጉ ይቆያል። ኤዛና ይገባዋል።"

አቶ ራጉኤል እንደ ወጉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እንግዲያው ቀን ይቁረጡልን፤ ከዘመድ ይማከሩ፣ ተመልሰን እንመጣለን" አሉ።

"አልቆርጥም" አለ ተክለሃይማኖት።

ናርዲ አፏን ያዘች።

"ሌላ ቀን ከመጣችሁ እምቢ እላችኋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ዛሬ፣ እናቷን አንስቼ ሳላበቃ፣ አሁኑኑ ልስጣችሁ። ሰጥቻለሁ። ለኤዛና ሰጥቻታለሁ።"

አቶ ራጉኤል ተነስተው ትከሻውን ሳሙት። ተክለሃይማኖት ሰው ፊት የሚያለቅስ ወንድ ነውረኛ ነው እየተባለ ያደገ ሰው ነው። ገንዘቤ ቀብር ላይ እንኳ ጥርሱን ነክሶ ነው የቆመው። አሁን ግን ናርዲ አንገቱ ላይ ስትጠመጠም ነውሩን እርግፍ አድርጎ ተወና፣ በሽማግሌዎቹ መካከል ቆሞ፣ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።