ጠላቱን ዘብ ያቆመው ታፔላ ጻፊ

ውሃልክ የሚሉት ታፔላ ጻፊ መስመር ሲያሰምር ምድር ራሷ አፍራ ትቃናለች ይባል ነበር። ያለው ራሱ ነው፤ ቢሆንም እውነት ነው። ሲጠጣ ደግሞ ጠርሙሶች እርስ በርስ ይሰነባበታሉ። ይህንንም ያለው ራሱ ነው፣ ለዚህኛው ግን ምስክር ሞልቷል። በመጨረሻ ሚስቱ ታክቷት ወደ እናቷ ሄደች። አማቱም፣ "እስከ ወሩ መጨረሻ እየመጣሁ አሸትትሃለሁ፤ አንድ ቀን ከሸተትከኝ ልጄን እርሳት" ብለው ፈረዱ። የሴትዮዋ አፍንጫ ሦስት ሰፈር ማዶ የተከፈተ ጠርሙስ ይለያል።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ "መጠጥ ብቻህን ታግለህ አትጥለውም። አምሮቱ ሲመጣብህ የሚይዙህ ሰዎች ፈልግ" አለችው።

"እኔን ነው ሰው የሚቸግረኝ?" አለ ደረቱን ነፍቶ። "ከተማው በሙሉ ወዳጄ ነው!"

ወዳጅስ አላጣም፤ ችግሩ ሁሉም የሚገኙት አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። ሄዶ መጠጥ መተዉን ሲነግራቸው አለቀሱ፣ አቀፉት፣ ግንባሩን ሳሙት። አንዱማ ብድግ ብሎ፣ "እንዲህ ያለ ጀግና በደረቁ አይሸኝም! ስለ መተዉ አንድ አንድ እንበል!" አለ። ውሃልክ በመስኮት ዘሎ አመለጠ። መስኮቱ ከጉልበት ባያልፍም ዝላይ ዝላይ ነው።

ሲያወጣ ሲያወርድ ዋለና ታላቅ ጥበብ ተገለጠለት። ወዳጅ ገበና ይሸፍናል፤ ለእሱ ደግሞ የሚሸፍን አይጠቅመውም። የሚያስፈልገው ውድቀቱን እየቋመጠ የሚጠብቅ፣ ዓይኑን የማይነቅልበት ሰው ነው። እንዲህ ያለው ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ከፍቶ ተቀምጧል፤ ሌላው ታፔላ ጻፊ፣ ያየውን ሳያሳድር ስለሚያዳርስ ጋዜጣ የሚባለው ባላንጣው።

"አንተ፣ ስጠጣ ብታየኝ ምን ታደርጋለህ?"

"ለአማትህ እነግራለሁ። ከዚያ ለቀረው ሕዝብ።"

"ማልልኝ።"

"ምን ያስምለኛል ሰውዬ? ደስ እያለኝ ነው የማደርገው!"

"በል እንግዲህ ዘቤ ነህ" አለው ውሃልክ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል የመናኸሪያው ትልቅ ታፔላ ለውሃልክ ደረሰው፤ ጋዜጣ ለምኖ ያጣው ሥራ ነው። ፊደሎቹ ዝሆን ያክላሉ። እሺ፣ ጥጃ ያክላሉ። የመጨረሻዋ ፊደል ላይ ሲደርስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መሰላሉ ላይ እንዳለ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ነርሷ ያለችው አምሮት መጣበት። ብሩሹን ጥሎ ወረደ፤ እግሩም ወደለመደው ቤት ነዳው። ብርጭቆው ቀረበ። ያን ጊዜ ሚስቱ ሻንጣዋን እንዳንጠለጠለች ከደጃፍ ስትመለስ በሐሳቡ ታየችው፤ እጁ ግን ብርጭቆውን አልለቀቀም።

ጋዜጣ እያለከለከ ገባ። ሲጠጣ ዝም ብሎ ቢያየው ኖሮ የመናኸሪያው ሥራ የእሱ ነበር። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

"ጠጣ እንጂ።"

"ምን አገባህ!"

"ምንም። ያቺ የመጨረሻዋ ፊደል እግሯ ጠማማ ነው ልልህ ነው። ሰክሮ ነው እንዳልል፣ ሳትጠጣ ነው ያጣመምካት።"

"የማን? የኔ መስመር ጠማማ?"

"ዳክዬ ነው የምትመስለው።"

ውሃልክ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ። "ና! ና ለካ!" ብሎ ወጣ። ጋዜጣ ሊከተለው ሲል ብርጭቆውን አየ። የተቀዳ ነገር ሲባክን አንጀቱ አይችልምና ጭልጥ አደረገው።

ለኩ። በእርግጥም ጠማማ ነበረች። ውሃልክን ብትጠይቁት የፀጉር ያህል ነው፤ ጋዜጣን ብትጠይቁት ክንድ ይሆናል። ውሃልክ መሰላሉ ላይ ወጣ።

"አጥብቀህ ያዝልኝ።"

"ብትወድቅ እኮ ሥራው የኔ ነው።"

"ለዚህ ነው አጥብቀህ ያልኩህ!"

ያዘለት፤ እየተሳደበ ያዘለት። "ወደ ግራ! ግራህን አታውቅም? አንተ ደንባራ!" ውሃልክም መልሶ ሲሳደብ መንቀጥቀጡን ረሳው። ፊደሏ ቀና አለች።

ወዲያው አማቱ ጃንጥላቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ውሃልክ ወርዶ አፉን ከፈተ። አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ።

"ቀለም ነው" አሉ ቅር እያላቸው። "እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ልጄ እሑድ ትመጣለች።" ወዲያው አፍንጫቸው እንደ መድፍ ዞረ። "አንተስ ዘብ ተብዬው? እስቲ ተንፍስ!"

ጋዜጣ ትንፋሹን ውጦ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

"ይተዉት እማማ" አለ ውሃልክ። "የጠጣው የኔን ነው።"