ሽንኩርት ለምን ታስለቅሳለች

ትበርህ በዚያ ቅዳሜ ረፋድ እናቷን ወይዘሮ መድኃኒትን ይዛ ካዛንቺስ ወዳለች አንዲት መዋዕለ ሕፃናት ሄደች። ሥዕሎቿ ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፍ ሆነው ወጥተዋል፤ ምረቃውም እዚያው ነው። ጽሑፉ የጓደኛዋ የማዕዛ ነው። ማዕዛ እዚያው አስተማሪ ስትሆን፣ ምሳ አንበላም እያሉ ለሚያስቸግሯት ልጆች የፈጠረችውን ጨዋታ ነው ያሳተመችው። ቁጡዋ ቃሪያ፣ እንቅልፋሙ ድንች፣ ጉረኛው ቲማቲም፤ ሁሉም እንደ ሰው ያወራሉ፣ ይጣላሉ።

ትበርህ ከሁሉም አብልጣ የወደደችው ሽንኩርትን ነበር። ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደርባ፣ መስኮት ሥር ተቀምጣ እንግዶቿን ስትጠብቅ ስላታለች። በረቂቁ ላይ እንግዶቹ ዝናብ ይዟቸው አርፍደው ይደርሳሉ፤ መጽሐፉም በጭፈራ ያልቃል። የታተመውን ግን ገና አላየችውም።

ማዕዛ ማንበብ ጀመረች። ድንች ሲያንኮራፋ ልጆቹም አብረው አንኮራፉ። ወይዘሮ መድኃኒት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ ተራው የሽንኩርት ሆነ።

«ሽንኩርት፣ አቶ ዘይት ሽማግሌ ሊልክ ነው ብላ ያላትን ቀሚስ ሁሉ ደርባ ጠበቀች። ወጡን አሞቀች፤ ቀዘቀዘ። ደግማ አሞቀች። ማንም አልመጣም! ጎረቤቶቿ ‹ምነው ቀሩ?› ቢሏት፣ ‹አባቱ ሞተውበት ነው› ብላ ዋሸች!»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ።

ትበርህ ሃድጉ የሚባል እጮኛ ነበራት። ሽማግሌ እልካለሁ ባለበት እሑድ ቤት ሙሉ ድግስ ተደግሶ ሳይልክ ቀረ። ማምሻውን ደውሎ ሌላ ሴት እንዳለችው ነገራት። እሷም ለእናቷም ለሰፈሩም አባቱ አገር ቤት ሞተውበት ነው አለች፤ ነገሩም በዚያው ተረሳ። እውነቱን አልቅሳ የነገረችው ለማዕዛ ብቻ ነበር።

እናቷ ቀስ ብለው ዞሩ። «ትበርህ፣ የሃድጉ አባት አልሞቱም እንዴ?»

ትበርህ አንገቷን ደፋች።

«ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽንኩርት የነካትን ሁሉ ታስለቅሳለች» ብላ ማዕዛ መጽሐፉን ዘጋች። ጭብጨባው ቀለጠ። የጭፈራው ሥዕል የለም።

ትበርህ ማዕዛን ግቢው ውስጥ ዥዋዥዌው አጠገብ አገኘቻት። «መጨረሻውን ማን ቀየረው?»

«አሳታሚው፣ ማለቴ… አያስቅም አለኝ። በቃ፣ የሚያስቅ ነገር ሳስብ ይሄ መጣልኝ።»

«ከየት ነው የመጣልሽ?»

«ትበርህዬ፣ ሽንኩርት ናት እኮ! ማን ያውቃል?»

«እማዬ አወቀች።»

የማዕዛ ዓይኖች እንባ አቀረሩ። አንድ አባት መጽሐፉን ዘርግቶ «ይፈርሙልን» ሲላት ግን እንባዋን ጠረግ አደረገችና ፈገግ ብላ ፈረመች። ትበርህን ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ያ ፈገግታ ነው። ትታት ወጣች።

እናቷ ቀድመዋት እየሄዱ ነበር። ሮጣ ደርሳ ክንዳቸውን ልትይዝ ብትል ነጠቋት።

«ቅዳሴ በሄድኩ ቁጥር ለሰውዬው ነፍስ ይማር ስል ኖርኩ እኮ፤ በቁማቸው!»

«እንዳታዝኚ ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«አዝኜ የለ? ለማላውቀው ሰው አዝኜ! ለገዛ ልጄ ባዝን አይሻለኝም ነበር?» ድምፃቸው ተሰበረ። «ማዕዛስ ባዳ ናት። አንቺ ምን አድርጌሽ ነው የዋሸሽኝ?»

ትበርህ ማዕዛ ምን እንዳደረገቻት ስትቆጥር የራሷን ውሸት ረስታው ነበር።

መጽሐፉ ተወደደ፤ ሁለተኛውም ተከተለ። ማዕዛ ሥዕሉን እንድትሠራላት ሰው ልካባት ነበር፤ ትበርህ እንቢ ስላለች ሌላ ሰው ሣለው። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፤ ከዚያ አያልፍም።

እናቷ ግን ለሳምንታት ካኮረፉ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት ምስር እየለቀሙ ሳለ ድንገት «እስቲ ያን ቀን የሆነውን ንገሪኝ» አሏት። ትበርህ ትሪውን ወደ ራሷ ስባ፣ አብራ እየለቀመች፣ ሃድጉ ስልክ ላይ ካላት ቃል ጀምራ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።