የአምስተኛው ክፍል ልጅ

መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ሱቄ ሲገቡ ወሬው ሁሉ ጸጥ አለ። እኔ ደባርቅ ውስጥ ስልክ እየጠገንሁ ፊልም የምጭን ሰው ነኝ፤ ቅኔ የሚያስተምሩ ካህን እኔ ዘንድ ምን ይሠራሉ?

«ያሕያ፣ ቃለ አብ እያየ የሚስቅበትን ያን የሚንቀሳቀስ ሥዕል ጫንልኝ» አሉኝ ስልካቸውን እየሰጡኝ።

ቃለ አብ ልጃቸው ነው፤ የእኔም የልብ ጓደኛ። ከስምንት ወር በፊት ወደ አውሮፓ ሲሻገር ጀልባው ሰጠመ። አብሮት የነበረ ልጅ የደወለው ለእኔ ነው፤ «በዓይኔ አየሁ» አለኝ። ሽማግሌዎች ማለዳ ሄደው መርዶውን ሲነግሯቸው መሪጌታ «ሬሳውን አሳዩኝ» ብለው መለሷቸው። ለስንቱ በሩቅ አገር ለሞተ ሰው ፍትሐት ያደረሱ ካህን ለገዛ ልጃቸው ከለከሉ። እናቱ እትዬ ሐመልማልም ጥቁር እንዳይለብሱ፣ ድምፅ አውጥተው እንዳያለቅሱ ተከለከሉ። ወላሂ፣ በዚህ ደሜ ይፈላ ነበር። ለቅሶም በፈቃድ ሆነ!

ቃለ አብ የሚወደው አኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን፣ ሰባት መቶ ክፍል ያለው፣ ጀማሪን የሚያስመርር ነው። ስለዚህ ለመሪጌታ ሌላ መረጥሁ፤ በአማርኛ የተተረጎመ። አንዲት ድልድይ ጠጋኝ ከመንደር መንደር ትዞራለች፤ በየክፍሉ አዲስ አገር፣ አዲስ ሰው።

«ለጀማሪ ይሄ ይሻላል። እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ነው፤ ከፈለጉበት ይጀምሩ» አልኋቸው።

«ፊደል ሳይቆጥር ዳዊት የሚደግም የት አየህ? ከአንድ እጀምራለሁ።»

እንዳሉትም ተማሪዎቻቸውን እያሰናበቱ በቀን አንድ ክፍል አዩ። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ።

«አምስተኛው ላይ ድልድዩን ተሻግሮ የሄደው ልጅ፣ እናቱን ‹ለመኸር እመጣለሁ› ያላት፣ በስንተኛው ይመለሳል?»

መንገር ነበረብኝ። ፈራሁ። «ይቀጥሉ» አልኋቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ማደሩን የፍርሃቴ መሸሸጊያ አደረግሁት።

ከዚያ በኋላ በየሦስት ቀኑ ይመጡ ጀመር። ቅኔ እንደሚመረምሩ ሁሉ አንዲት ነገር አያልፋቸውም። አሥረኛው ክፍል ላይ ከሩቅ የሚያርስ ገበሬ አሳይተውኝ «ትከሻው ያን ልጅ አይመስልም?» አሉኝ። አይመስልም ነበር። አሁንም «ይቀጥሉ» አልኋቸው።

ሲጨርሱት እትዬ ሐመልማልም ተከትለዋቸው መጡ። ነጭ ነጠላቸውን እንደለበሱ በር ላይ ቆሙ፤ ከስተዋል።

«ሃያ ስድስቱንም አየሁ» አሉ መሪጌታ በቁጣ። «ልጁ አልመጣም። ጎደሎ ነው የጫንህልኝ፤ የቀረውን አምጣ!»

እትዬ ሐመልማልን ሳይ ከዚህ በላይ መሸሽ አልቻልሁም።

«አልጎደለም፣ መሪጌታ። በዚህ ፊልም አንዴ የሄደ ሰው በሌላ ክፍል አይመለስም።»

«እናቱስ?»

«እሷም እዚያው ክፍል ላይ ቀረች።»

«እየጠበቀችው?»

«እየጠበቀችው።»

መሪጌታ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና ስምንት ወር ያልጠየቁኝን ጠየቁኝ።

«የደወለልህ ልጅ ማን ነው?»

«አንዱዓለም ይባላል። የዳባት ልጅ ነው።»

«በዓይኑ አይቷል?»

«አይቷል፣ መሪጌታ።»

ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ሐመልማል፣ ልጃችን ሞቷል። አልቅሺ» አሉ።

እትዬ ሐመልማል አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። መጀመሪያ የጮኽሁት እኔ ነኝ።