ውርጭ የማይነካው እግር

ሮቤ ላይ፣ በኅዳር፣ ጎህ ሳይቀድ እግርን በቧንቧ ውሃ መታጠብ ቀልድ አይደለም። ለሱብሂ ሶላት መስጊድ የሚመጣው ሰው አንዱን እግሩን ታጥቦ ሌላውን እስኪያቀርብ ይዘላል። ብልጦቹማ እቤታቸው በሞቀ ውሃ ውዱእ አድርገው ነው የሚመጡት። ጨርቅ ነጋዴው ዓብዱልፈታሕ ግን ያን ዓመት ሁለቱንም እግሮቹን ቧንቧው ሥር ዘርግቶ፣ ቅንድቡ እንኳ ሳይነቃነቅ፣ ረጋ ብሎ ይታጠብ ጀመር።

ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ ዝም አይልም። መጀመሪያ ተያዩ፣ ቀጥሎ ተንሾካሾኩ፣ ብዙም ሳይቆይ ዓብዱልፈታሕ ኢማኑ የጠነከረ ሰው ተባለና አረፈ። በተለይ የመስጊዱ ጀመዓ አንጋፋ ሐጂ ባዳሳ ለወጣቶቹ ምሳሌ አድርገው ይጠሩት ነበር። እግሩ ከደነዘዘ መሰንበቱን፣ ውሃው ይፍላ ይቀዝቅዝ ለይቶ እንደማያውቅ እሱ ለማን ይናገር? ምስጋና የማይጥመው ሰው ካለ እስቲ ይምጣ። አንገቱን ደፍቶ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ሰዉም ትሕትናውን ደርቦ ያደንቅለታል።

ጉዱን ያወጣው ፍም ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሚስቱ ዙሀይራ የሚቃጠል ነገር ሸተታትና ዞር ብትል፣ ባሏ ከምድጃ የወደቀ ፍም ረግጦ ቆሞ ስለ ገበያ ያወራል። ካልሲው ይጨሳል። እሷ ስትጮህ እሱን የገረመው ጩኸቷ ነበር። በማግስቱ ለሕክምና ወደ ጎባ ሊሄዱ ሲሉ ሚኒባሱ ላይ ለመውጣት ጉልበቱ እምቢ አለው፤ ረዳቱ ከኋላ ገፍቶ አስገባው። ዙሀይራ ነገሩ ከመደንዘዝ ማለፉን ያኔ አወቀች፤ እስከ ጎባ ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች።

ጎባ ሆስፒታል ዶክተር ፍቅረየሱስ ከብዙ ምርመራ በኋላ አስቀምጦ አስረዳቸው። ሰውነቱን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የገዛ ነርቮቹን እየመታ ነው፤ ዘበኛ ጌታውን ሌባ መስሎት ሲደበድብ ማለት ነው። ካልተገታ እግሩ ጨርሶ ይከዳዋል። ከጤነኛ ሰዎች ደም ተጣርቶ የሚሠራ፣ በደም ሥር በጠብታ የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ሁሉንም ሰው ግን አያድንም፤ የሚያድነውንም ቢሆን ሳምንታት ያስጠብቀዋል።

መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ በበረዶ ሳጥን ተጭኖ መጣ። ዓብዱልፈታሕ ለቀናት አልጋ ላይ ተጋድሞ ጠብታውን ሲቆጥር ሰነበተ፤ ራሱን አመመው፣ ተንቀጠቀጠ፣ ታገሠ። ነርሷን ወለተኢየሱስን የማን ደም እንደሆነ ቢጠይቃት፣ የሺህ ሰው ሳይሆን አይቀርም አለችው። እንግዲህ የሺህ ሰው ዘመድ ሆንኩ፣ ለቅሶ መድረሱ ሊበዛብኝ ነው ብሎ አሳቃት። ቀልዱ ግን የአፍ ብቻ ነበር። ልቡ ፈርቶ ነበር፤ ሱቁን በሰው ትከሻ ተደግፎ የሚከፍት ሰው መሆን እንደ ሞት ነበር የሚያስፈራው።

ሮቤ ከተመለሰ በኋላ ምንም ለውጥ አልመጣም። ሱቁ ውስጥ ጨርቅ እየለካ በጎን የእግሩን ጣቶች ይቆነጥጣል፤ የሌላ ሰው ጣት የቆነጠጠ ያህል ነው። ዙሀይራ «እንዴት ነህ?» ማለቱን ተወች፤ መልሱን ስለፈራችው። ለጀመዓው ወገቤን አሞኝ ነው ብሎ ነበርና በከዘራ እየተደገፈ መስጊድ ይሄዳል። አሁንማ ታሞም ቀዝቃዛ ውሃ አይፈራም ተብሎ ስሙ ይበልጥ ገነነ።

አንድ ማለዳ እንደልማዱ እግሩን ቧንቧው ሥር ዘረጋ። ከዚያ የሆነው እንዲህ ነው፦ ጮኸ፣ እግሩን ሰበሰበ፣ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ዝርፍጥ አለ። የሚታጠበው ሰው ሁሉ ደንግጦ ቆመ።

«ማል ታቴ? ምን ሆንክ?» አሉ ሐጂ ባዳሳ፣ ሮጠው ደርሰው።

«ሐጂ፣ ውሃው ይቀዘቅዛል።»

«መች ሞቆ ያውቅና?»

ዓብዱልፈታሕ እየሳቀ አለቀሰ፤ ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈላቸው። የኢማን ጥንካሬ እንዳልነበር፣ እግሩ እንደሞተ፣ ሲያመሰግኑት ዝም ማለቱን፣ የጎባውን መድኃኒት፣ ፍሙን ሳይቀር ነገራቸው። ሲጨርስ አፍሮ መሬት መሬት አየ። ሐጂ ባዳሳ አጠገቡ ቁጢጥ ብለው ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ።

«አንተን አይቼ እኮ ነው የሞቀ ውሃ የተውኩት» አሉት በዝግታ። «ባለቤቴ ብትለምነኝ፣ ጉልበቴ ሌሊቱን ሲጠዘጥዘኝ ቢያድር፣ ልጅ ያልፈራውን እኔ ሽማግሌው ልፍራ ወይ እያልኩ ከረምኩ። ከነገ ጀምሮ በሞቀ ውሃ ነው የምታጠበው፤ ያ መድኃኒት ለካ ለእኔም ነው የተሰጠው።»

ከጀመዓው አንዱ መሳቅ ጀመረና ግቢው በሳቅ ሞላ። ሰገዱና ተበታተኑ።

ዓብዱልፈታሕ ቤቱ እስኪደርስ ጠጠሩን በጫማው ሶል እየለየ፣ አንዳንዱንም ሆን ብሎ እየረገጠ ሄደ። ጉልበቱ ገና ነው፤ ከዘራውም በእጁ ነው። ዙሀይራ በሩን ስትከፍት ካልሲው እርጥብ፣ ዓይኑ ቀይ ሆኖ አየችውና ወደቀ ብላ ደነገጠች። ምንም ሳትጠይቅ አስቀምጣ ካልሲውን አወለቀችለት፤ የቀዘቀዘ እግሩን በሁለት እጆቿ አቅፋ ታሸው ጀመር።

«ዙሀይራ» አላት፣ «እጅሽ ይሞቃል።»

እጇ እግሩ ላይ እንዳለ ቆመ። ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ግንባሯን ጉልበቱ ላይ ደፍታ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ካለቀሰችበት ቀን ወዲህ አፍና የያዘችውን እስትንፋስ በረጅሙ ተነፈሰች።