የባለወፍጮው ጆሮ

ዘመንን የሚያፈራርቅ፣ የልብንም ዝምታ የሚሰማ እግዚአብሔር በሚያውቀው አንድ ቀን፣ የአንድ ባለወፍጮ ወፍጮ ለጥገና ቆመ። ሰውዬው ዱቄቱ ይድቀቅ ይሻክር፣ ከድንጋዩ ድምፅ በጆሮው የሚለይ ነበር፤ እንጀራውም ይኸው ጆሮው ነው። ሥራ ከፈታ አይቀር ብላ ሚስቱ ከከተማው ዳር ወዳለው ጫካ ይዛው ሄደች።

ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር አረፍ እንዳሉ የባለወፍጮው ፊት ዐመድ መሰለ።

"ጆሮዬ ደነቆረ፤ ከእንግዲህ በምን ልፈጭ ነው?" ሲል በወፍጮ ቤት ልማዱ ጮኸ።

"ኧረ ቀስ በል፣ አንተ ሰው፤ ወፎቹን አባረርካቸው እኮ" አለች ሚስቱ እየሳቀች።

"አንቺንማ ሰማሁሽ" አለ ግራ ገብቶት። "ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው?"

"ወፍጮው ነዋ።"

ጆሮውን ቀሰረ። ቅጠል ሲወድቅ ሰማ፤ ቀጥሎም የሚስቱን ትንፋሽ። ያን ሁሉ ዘመን አብረው ሲኖሩ ትንፋሽዋን ልብ ብሎት አያውቅም። በደረቱ ውስጥ አንዳች ነገር ረጋ፤ ዕረፍቱ ከጫካው ይምጣ ከራሱ ግን መለየት ተሳነው።

"አሁንስ እንሂድ?" አለችው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ።

"ቆይ እስቲ፤ ገና አልገባኝም" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ከየት እንደ መጣ በማይታወቅ እንዲህ ባለ ሰላም እግዚአብሔር ቤታችሁን ይሙላላችሁ።